ባለ አንድ ጠብታው

መጀመሪያ የመጣብኝ ድምፁ ነው፤ የላስቲክ ማሸጊያ በእጅ ሲጨበጥ የሚያሰማው ያ ስስ መንኮሻኮሽ። ባለፈው ሐሙስ ሜልቦርን፣ ያራቪል ሰፈር ከሚገኝ ሱፐርማርኬት ገብቼ አንዱን ማሸጊያ ከመደርደሪያው ሳነሳው ተንኮሻኮሸ። ከላዩ ላይ ሰማያዊ የውሃ ጠብታዎች ተስለውበታል። አንዳንዱ ላይ አንድ ጠብታ፣ አንዳንዱ ላይ ሦስት፣ አንዳንዱ ላይ ደግሞ ዝናብ ነው ማለት ይቀላል። ከወዲያኛው መተላለፊያ የልብስ ሳሙና ሽታ ይመጣል፤ የጣሪያው መብራት እዝዝዝ ይላል። እኔም ለአባቴ ስንት ጠብታ እንደሚበቃው ግራ ገብቶኝ ቆሜያለሁ።

አባቴ ከፕሮስቴት ኦፕሬሽኑ ወዲህ ሽንቱን መቋጠር እንደ ድሮው አልሆነለትም። ሐኪሙ በጊዜ ሂደት ይሻልዎታል ብሎታል። እስኪሻለው ድረስ ሽንት የሚመጠውን ይህን ዕቃ መግዛት የእኔ ሥራ ሆኗል፤ እሱ መኪና ውስጥ ቀበቶውን እንዳሰረ ቁጭ ብሎ ይጠብቀኛል። የእሱ ዕቃና የሴቶቹ ዕቃ እዚያው አንድ መደርደሪያ ላይ ጎን ለጎን ናቸው። በግራ እጄ የእሱን፣ በቀኝ እጄ የራሴን ይዤ ስቆም ሳቄ መጣ። ሳቁ ሳያልቅ ደግሞ እኔና እሱ እዚችው ሰፈር፣ እንዲህ ዓይነት መደርደሪያ ፊት፣ ሁለታችንም ግራ ገብቶን የቆምንበት ቀን ትዝ አለኝ።

ያኔ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ኖርዝ ሜልቦርን ካሉት የመንግሥት ፎቆች በአንዱ፣ ሊፍቱ መበላሸት ልማዱ በሆነ ሕንፃ ላይ ነው፤ እኔና እሱ ብቻ። እናቴ ናይሮቢ በስደት ሳለን ነው ያረፈችው፤ መልኳን የማውቀው ከፎቶ ነው። አባቴ ያራቪል ወደቡ አጠገብ ካለ መጋዘን ዕቃ ሲያወርድና ሲጭን ይውላል፤ ማታ ደግሞ እናትም አባትም ይሆናል። ሹሩባ መሥራት ተምሯል፤ ጠማማ ቢሆንም ሹሩባ ሹሩባ ነው። ሽሮ መሥራት ተምሯል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ሄዶ በተሰባበረ እንግሊዝኛ መከራከርም ተምሯል። ለአንድ ነገር ብቻ ማንም አላዘጋጀውም ነበር።

እኔስ ብትሉ፣ ትምህርት ቤት ተምሬዋለሁ። ሥዕሉን አይቻለሁ፤ የማህፀንን ክፍሎች በቀስት እያመለከትኩ ፈተና ላይ ሙሉ አግኝቼበታለሁ። ግን የተማርኩት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። እኛ ቤት አማርኛ የሚወራበት ጉዳይ የታወቀ ነበር፤ ስለ ምግብ፣ ስለ ትምህርት፣ ስለ እግዚአብሔር፣ መብራት አጥፊ ስለ መባባል። ይህኛው ጉዳይ ከእነዚያ ውስጥ የለበትም። በቤቱ ቋንቋ ስም የሌለውን ነገር ለቤቱ ሰው እንዴት አድርጌ ልንገረው?

አንድ ሰኞ ከትምህርት ቤት ስመለስ ነገሩ መጣ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ተቀመጥኩ፤ ቆየሁ። አባቴ በሩን ቆረቆረ።

"ምነው ልጄ፣ ሆድሽን ነው?"

"ኖ። ሾፕ መሄድ አለብኝ።"

"ምን ጎደለ? ወተት አለ፤ ዳቦ አለ።"

"የገርልስ ነገር ነው፣ አባዬ።"

ከበሩ ወዲያ ሬዲዮው ሲጠፋ ሰማሁ፤ የመኪናው ቁልፍ ሲንሿሿ ሰማሁ። "ካፖርትሽን ልበሺ" አለኝ። በዚያ ጉዳይ አባቴ ያደረገልኝ ንግግር ይኸው ነው።

ያራቪል ድረስ የሄድነው ኖርዝ ሜልቦርን ሱቅ ጠፍቶ አይደለም። ከሕንፃችን ሥር ያለው ሱቅ የሐበሻ ነው። ትልቁ ሱፐርማርኬት ደግሞ ገንዘብ ተቀባይዋ የቤተክርስቲያናችን ልጅ ናት። ሰው ለሰው መድኃኒቱ ነው ይባላል፤ እኛ ሰፈር ግን ሰው ለሰው ጋዜጣውም ነበር። አባቴ ይህን ሳይናገር መሪውን ወደ ምዕራብ አዞረ። ድልድዩን ስንሻገር የወደቡ ክሬኖች በክረምቱ ጭጋግ ውስጥ ቆመው ይታዩ ነበር፤ የመኪናዋ ማሞቂያ የተቃጠለ አቧራ ይሸታል። ሁለታችንም ፊት ለፊታችንን እያየን ሄድን።

መደርደሪያው ፊት ስንደርስ ግን ማየት ግድ ሆነ። ከወለል ጀምሮ ከአባቴ ራስ በላይ ይሄዳል። ሐምራዊው፣ አረንጓዴው፣ ሮዙ። ክንፍ ያለው፣ ክንፍ የሌለው። የቀን፣ የሌሊት፣ የስፖርት። ስስ፣ ከስስም የሳሳ። እኔ አንገቴን ደፍቼ የጫማዬን አፍንጫ ማየት ጀመርኩ። አባቴ መነጽሩን አወጣ። እንጀራው ካርቶን ላይ ያለ ምልክት ማንበብ ነው፤ የብርጭቆ ሥዕል ካለ ዕቃው ይሰበራል፣ ቀስት ካለ ወደ ላይ ይቁም፣ ጃንጥላ ካለ ውሃ አይንካው። አንዱን ማሸጊያ አንስቶ እንደ መጋዘን ዕቃ አገላበጠው፤ ጠብታዎቹን በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

"ይኼ እንግዲህ ውሃ አይንካው ማለት ይሆን?"

"እኔ እንጃ።"

"አንቺ አይደለሽ እንዴ እንግሊዝኛ የምትችዪው!"

እንግሊዝኛውንማ አነበብኩት። ላይት ዴይስ ይላል፤ ቀላል ቀናት። ግን ቀን ራሱ እንዴት ነው ቀላልና ከባድ የሚሆነው? የሒሳብ ፈተና ያለበት ቀን ከባድ ነው። ቅዳሜ ቀላል ነው። ታዲያ በሒሳብ ፈተና ቀንና በቅዳሜ የሚደረገው ይለያያል ማለት ነው? አባቴን ልጠይቀው አልችልም፤ እሱም እኔን ሊጠይቀኝ አይችልም፤ ሁለታችንም እዚያ ቆመን ማሸጊያውን ማኅተም እንደጠፋበት ደብዳቤ እናየዋለን። አንዲት ሴትዮ ጋሪዋን እየገፋች መጥታ በመሃላችን እጇን ሰደደች፤ ሳታየው አንዱን አንስታ ጋሪዋ ላይ ጣለችና ሄደች። አባቴ በአድናቆት ዓይን ሸኛት።

ከዚያ አሰበበት። ሲያስብ የጆሮውን ጫፍ ይይዛል። በመጨረሻም እንደ ሽማግሌ ፈረደ።

"አንቺ ገና ልጅ ነሽ። ልጅ ሲጾም እስከ ስድስት ሰዓት ነው፤ ቀስ እያለ ነው ወደ ዘጠኝ የሚደርሰው። ሁሉም ነገር በልክ ይጀመራል።"

ብሎም ባለ አንድ ጠብታውን አነሳ። ከሁሉ ትንሹን፣ ከሁሉ ስሱን፣ ነጭ አበባ የተሳለበትን። ላይነር ነበር፤ ለመጨረሻዎቹ ጥቂት ቀናት የሚሆነው። እሱም አላወቀ፤ እኔም አላወቅኩ። ፍርዱ እንዲያውም ልክ ነበር የመሰለኝ። የልጅ ጫማ አለ፣ የልጅ ትኬት አለ፣ የልጅ ሽሮፕ አለ፤ የልጅ ይኼም ለምን አይኖርም?

ቅርጫቱ ውስጥ ከላዩ ዳቦ አደረገበት፤ ከዳቦው በላይ ደግሞ የማንፈልገውን ሰላጣ። ወረፋው ላይ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ ገንዘብ ተቀባይዋን በዓይኑ እያመለከተ "ሐበሻ አይደለችም አይደል?" አለኝ። ሕንዳዊት ነበረች። እፎይ አለ።

በማግስቱ ትምህርት ቤት ጉድ ፈላ። ሹራቤን ወገቤ ላይ አስሬ ዋልኩ። ሁለት ደራረብኩ፤ ሦስት ደራረብኩ፤ የሚረባ ነገር የለም። ዕቃው የተሳሳተ መሆኑን ማን ይንገረኝ? የተሳሳትኩት እኔ መሰለኝ። የልጅ ካልበቃኝ እንግዲህ ልጅ አይደለሁም ማለት ነው፤ ልጅ ካልሆንኩ ደግሞ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ቤት ገብቼ ለአባቴ አልበቃኝም ማለት አሰብኩ። አልበቃኝም በእኛ ቤት የሚባለው ለእንጀራ ብቻ ስለሆነ ተውኩት።

አባቴ ፊቴን አይቶ ተጨነቀ። ሲጨነቅ ደግሞ ቁጭ አይልም፤ ወደ ታችኛው ፎቅ ወረደ። እዚያ እትዬ ይኖራሉ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ይበልጣል፤ ሕንፃው ላይ ያለ ሐበሻ ሁሉ የሚፈራቸውና የሚወዳቸው ሴት ናቸው። ምን ብሎ እንዳማከራቸው አላውቅም፤ ይዞ የተመለሰው ግን በሎሚ የተበጠበጠ ፌጦ ነው። ሆዷን አሟታል ብሏቸው ኖሯል። ምን ይደረግ፣ ጠጣሁት። ጉሮሮዬን አቃጠለኝ፤ ዓይኔን አስለቀሰኝ፤ ሌላው ነገር በነበረበት ቀጠለ።

እትዬን ራሳቸውን ያገኘኋቸው ሊፍት ውስጥ ነው። ወገቤ ላይ የታሰረውን ሹራብ አዩ። ፊቴን አዩ። እንደገና ሹራቡን አዩ።

"አንቺ ልጅ! ፌጦ የበጠበጥኩት ለዚህ ነው እንዴ?"

ሹራቤን ወገቤ ላይ አጠበቅኩት።

"ወይ አባትሽ! ወይ ወንድ!" ብለው ሲስቁ ሊፍቱ በሳቃቸው ሞላ። ከዚያ እጄን ይዘው ቤታቸው አስገቡኝ። ቤታቸው የካንፎርና የተጠበሰ ሽንኩርት ሽታ ነበረው። አግብታ ዳንደኖንግ ሰፈር የገባችው ልጃቸው ትታው ከሄደችው መሳቢያ ወፍራም ሞዴስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ፣ የስኳር ዕቃው አጠገብ አስቀመጡ። እኔ ሰው ይመጣል ብዬ በሩን በሩን አያለሁ።

"ይኼ ወፍራሙ ለመጀመሪያው ነው፤ ሲበረታ። ያ አባትሽ የገዛልሽ ደግሞ ለመጨረሻው፤ ሲቀልልሽ። ደግ ዕቃ ነው፤ እንዳትጥዪው።"

ቀን የሚከብደውና የሚቀለው እንዴት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። ደስ አለኝ፤ አንድ ነገር እንኳ ገባኝ ብዬ። ደስታዬ ግን በሩ ድረስም አልሸኘኝ።

"እሁድ እንግዲህ ከውጪ ነሽ" አሉኝ።

"ከምን ውጪ?"

"ከቤተክርስቲያን ነዋ። እስኪጠራ።"

"መቼ ነው የሚጠራው?"

"ታውቂዋለሽ" አሉኝ።

አንዳንድ ሴቶች አንዳንድ እሁድ ውስጥ ሳይገቡ አጥሩ ጋ ቆመው የሚያስቀድሱት ለምን እንደሆነ ለመጀመሪያ ጊዜ ያወቅኩት በዚህ ነው። እስከዚያ ድረስ ውስጥ ቦታ ጠቧቸው ይመስለኝ ነበር። ግን የትኛው እሁድ ውጪ፣ የትኛው እሁድ ውስጥ እንደሆነ እንዴት ነው የማውቀው? ሁሉም ሴት የሚያውቀው፣ ለእኔ ሳይነገረኝ የታለፈ ነገር እንዳለ ተሰማኝ። ምናልባት እናቶች ናቸው የሚናገሩት፤ ሹሩባ ሲሠሩ፣ በማበጠሪያው መሃል።

እሁዱ ደግሞ ተራ እሁድ አልነበረም። ጳጳስ ከአገር ቤት መጥተው ሊባርኩን ነው። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከቅዳሴ በኋላ ልንዘምርላቸው ወራት ስንለማመድ ቆይተናል፤ መሪዋ እኔ ነኝ፤ እኔ እላለሁ፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። እናቴ አገር ቤት ሳለች ዘማሪ ነበረች። አባቴ ስለ እሷ ብዙ አያወራም። እኔ መሪ ሆኜ የተመረጥኩ ዕለት ግን ከሻንጣው ሥር ነጠላዋን አወጣ፤ በእጁ አጠበው፤ በረንዳ ላይ አሰጣውና ነፋስ እንዳይወስደው አጠገቡ ወንበር ይዞ ተቀመጠ። መጋዘን ለሚሠሩት ሁሉ፣ ለቬትናሙም ለግሪኩም፣ ልጄ ለጳጳስ ልትዘምር ነው ብሎ አውርቶላቸዋል። ጳጳስ ምን እንደሆነ ለማስረዳት እንኳ የምሳ ሰዓቱን ጨርሷል አሉ።

እሁድ ጠዋት ባለ አንድ ጠብታውን አደረግኩ። እትዬ እንዳሉት ቀሎኛል። ከመውጣታችን በፊት መታጠቢያ ቤት ገብቼ አየሁት፤ ነጭ ነው። አሁን ጠራ ብዬ ልነሳ ስል ምስር የምታክል ቡናማ ነገር ያየሁ መሰለኝ። እውነት ናት ወይስ የመብራቱ ጥላ ናት? ወደ መስኮቱ ጠጋ ብዬ አየሁ። አንዴ አለች፣ አንዴ የለችም። ይኼ ጠርቷል ነው የሚባለው ወይስ አልጠራም? ማሸጊያውን አንስቼ ዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ስለ ሁሉም ነገር ይናገራል፤ ስለ ዋና፣ ስለ ብስክሌት፣ ስለ ሽታ። ቤተክርስቲያን ስለ መግባት ግን አንድም አላለም።

መኪና ውስጥ የእናቴን ነጠላ ጭኔ ላይ አድርጌ በእንግሊዝኛ ልጠይቀው ሞከርኩ፤ ቃሉ አልመጣም። በአማርኛ ጠየቅኩት።

"አባዬ፣ በጣም ትንሽ ከሆነ ይቆጠራል?"

ቀይ መብራት ላይ ነበርን። አረንጓዴው በራ፤ አልተንቀሳቀሰም። ከኋላችን ጥሩምባ ተነፋ።

"እኔ እንጃ ልጄ። ቄሱን ልጠይቅልሽ?"

"ኖ!"

"እሺ፣ እሺ።"

"ታዲያ ማን ነው የሚያውቀው?"

"እናትሽ ታውቅ ነበር" አለኝ።

ያኔ ቤተክርስቲያናችን የራሷ ሕንፃ አልነበራትም፤ ከፈረንጆች የተከራየነው የቀይ ጡብ ቤት ነበር። ግቢ የሚባል የለውም፤ ያለው መኪና ማቆሚያ ነው። ስለዚህ የእኛ ደጀ ሰላም አስፋልቱ ነበር፤ ውጪ የሚያስቀድሱት ሴቶችም በአጥሩ በኩል፣ ባለ ጎማ ከሆኑት የቆሻሻ ገንዳዎች አጠገብ ይቆማሉ። በሩ ላይ ስንደርስ ጓደኞቼ ነጭ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከውስጥ ይጠሩኛል። የሰንበት ትምህርት ቤት አስተማሪያችን "ቶሎ በይ እንጂ!" ትለኛለች። አባቴ ጫማውን አውልቆ በካልሲው ቆሟል። እኔ ግን ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ ብዬ እዚያው ቀረሁ። ምስሯ አለች? የለችም?

አባቴ አየኝ። ዞር ብሎ በሩ አጠገብ ወደቆሙት ቄስ ሄደ። መስቀል ተሳለመ። አፉን ሲከፍት አየሁት። ከዚያ አፉን ዘግቶ ተመለሰ።

"ጠየቅካቸው?"

"አይ፣ ሰው ከበባቸው" አለኝ።

ቄሱ ብቻቸውን ነበር የቆሙት።

"አልገባም" አልኩት። ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላውቅም። ፈሪሃ እግዚአብሔር ነው እንዳልል አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እልህ ነው እንዳልል በማን ላይ? የታየኝ የእናቴ ነጠላ ብቻ ነበር፤ ነጭ ሆኖ ጭኔ ላይ የዋለው፣ ከሻንጣ ሥር የወጣው። እሷን ጠይቄ ሳትመልስልኝ ልገባበት አልቻልኩም። አባቴ ለአስተማሪያችን ጠጋ ብሎ "ትንሽ አሟታል" አላት። አስተማሪያችን እኔን አየችኝ፤ ገባት፤ ወዲያው መሪነቱን ድምጿ ለሚንቀጠቀጥ አንዲት ልጅ ሰጠችው። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ አለቀ። ወራት የተለማመድኩት ነገር የአንድ ዓረፍተ ነገር ዕድሜ ነበረው።

አጥሩ ጋ ሄጄ ቆምኩ። ዞር ስል አባቴ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ጫማውን መልሶ እያደረገ ነው። ማሰሪያውን አሰረ። ተነሥቶ ወደ እኔ መጣ።

"አንተ ግባ እንጂ" አልኩት።

"ይሞቃል ውስጡ" አለኝ።

በክረምት ነው እንግዲህ ይሞቃል የሚለው፤ ሲናገር ከአፉ ጭስ እየወጣ። አባቴ ቅዳሴ ቀርቶበት አያውቅም ነበር፤ ለዚያውም ጳጳስ በመጡበት ቀን። ግራ ገባኝ። ምናልባት ዕቃውን የገዛ ሰውም አይገባ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ምናልባት በእኔ የተነሳ እሱም አልጠራ ይሆናል። ከሴቶቹ መሃል ወንድ እሱ ብቻ ነበር። አንዷ ፈገግ ብላ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች፤ ሌላዋ ደግሞ ገፋ ብላ ቦታ ለቀቀችለት። እትዬ ሊገቡ ሲሉ አይተውት ከሩቅ ጮሁ።

"አንቱ! እዚያ ምን ይሠራሉ?"

"መኪናዋን እየጠበቅኩ ነው!"

ያቺን መኪና ሌባ ቢወስዳት እንኳ ሲመሽ መልሶ ያመጣት ነበር። እትዬ እኔን አዩኝ፣ እሱን አዩት። ነጠላቸውን አስተካክለው ገቡ።

ቅዳሴው አለቀ፤ የመዝሙሩ ተራ ደረሰ። ባለ ቀለሙ መስኮት ትንሽ ተከፍቶ ነበር፤ ልጅቷ በጣም ከፍ አድርጋ ስትጀምር ሰማኋት። ያን ጊዜ አለቀስኩ። ተናድጄ ነው፣ አፍሬ ነው፣ እናቴ አምራኝ ነው፣ መለየት አልቻልኩም፤ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝ። ገንዳው ላይ ያረፈች የባሕር ወፍ አንገቷን አዘንብላ ታየኛለች። አባቴ ጎንበስ አለ።

"ዘምሪው" አለኝ።

"እዚህ?"

"አዎ። ከዚህም ይሰማል።"

ለማን እንደሚሰማ አልጠየቅኩትም። ጀመርኩ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ አድርጌ፣ በለመድኩት ልክ። አጠገባችን ያሉት ሴቶች ዝም ብለው አዳመጡኝና ተቀበሉኝ። አባቴም ተቀበለኝ። አባቴ ድምፅ የለውም፤ ግጥሙንም አያውቀውም፤ ከሴቶቹ እየሰማ ስለሚል ሁልጊዜ አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ይቀራል። እኛ ስንጨርስ እሱ ገና ብቻውን እያለ ነበር። ሴቶቹ ሳቁ፤ እኔም በእንባዬ መሃል ሳቅኩ።

ስንመለስ መኪና ውስጥ መሪውን እያየ "ያ የገዛነው ዕቃ ግን መጥፎ ነበር?" አለኝ። ጥሩ ነው፣ ግን ለመጨረሻው ነው፣ ለመጀመሪያው ሌላ አለ አልኩት። "አሃ" አለና ያራቪል እስክንደርስ አሰበበት፤ ለካ ወደ ቤት አልነበረም የሚነዳው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መታጠቢያ ቤት ካለው ቁም ሳጥን ሁለቱም ዓይነት ጠፍቶ አያውቅም። በመጋዘኑ ጥቁር ማርከር፣ በትልልቅ ፊደል፣ አንደኛው ላይ "የመጀመሪያ"፣ ሌላኛው ላይ "የመጨረሻ" ብሎ ይጽፍበታል። ጓደኞቼ ሲመጡ ከቁም ሳጥኑ አውጥቼ እደብቃቸው ነበር። አግብቼ ከዚያ ቤት እስክወጣ ሳያጓድል ገዛልኝ፤ አንድ ቀንም ስሙን ሳይጠራው።

ባለፈው ሐሙስ እንግዲህ ባለ ሦስት ጠብታውን ገዝቼ ወደ መኪናው ስመለስ፣ ቦርሳውን ገለጥ አድርጎ አየና "ኧረ ቀሎኛል፤ ባለ አንዱ ይበቃኛል" አለኝ። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ነው። ተመልሼ ገብቼ ቀየርኩለት።

እሁድ ቤተክርስቲያን ወሰድኩት። አሁን የራሳችን ሕንፃ አለን፤ ግቢ አለው፣ ዛፍ አለው። ከኦፕሬሽኑ ወዲህ አባቴ እግሬን ያመኛል፣ ውጪው አየር ይሻለኛል እያለ ግቢ ውስጥ ነው የሚያስቀድሰው፤ እኔም አምኜው ብቻዬን እገባ ነበር። በዚህ እሁድ ግን በሩ ድረስ አብሮኝ መጣ። ጎንበስ ብሎ በችግር ጫማውን አወለቀ። በካልሲው ቆመ። ከዚያ እጁን ወደ ሱሪው ጎን ሰደድ አድርጎ ነካ አደረገ፤ ደረቅ መሆኑን ለማረጋገጥ ይሁን ምን አላውቅም። ቄሱን በሩቁ አየ። ደረጃው ላይ ተቀመጠና ጫማውን መልሶ ማድረግ ጀመረ።

እግሩ አልነበረም ለካ። በጣም ትንሽ ከሆነ ይቆጠራል? ዛሬም አላውቅም። ሰው የሞላው ትራም የምነዳ፣ ልጆች ያሳደግኩ ሴት ነኝ፤ ቄሱን ሄጄ ብጠይቅ የሚከለክለኝ የለም። ግን አባቴን አውቀዋለሁ፤ የነገሩ ስም ከሚጠራ ውጪ መቆም ይሻለዋል።

እኔ አንዱን ጫማዬን አውልቄ ነበር። መልሼ አደረግኩት። ማሰሪያው አስቸግሮት ስለነበር ጎንበስ ብዬ የእሱንም አሰርኩለትና ወደ ዛፉ አብሬው ሄድኩ።

"አንቺ ግቢ እንጂ፤ ምን ሆነሽ ነው?" አለኝ።

"ይሞቃል ውስጡ" አልኩት።

ብዙ አየኝ። ያስታውሰው አያስታውሰው አልጠየቅኩትም። ከፀሐዩ በኩል ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ከውስጥ መዝሙር ሲጀመር እኔ ቀስ ብዬ ተቀበልኩ፤ እሱም ተቀበለ። ድምፁ ደክሟል፤ ዛሬም አንድ ስንኝ ወደ ኋላ ይቀራል። ስንኜን ጨርሼ ዝም አልኩና ጠበቅኩት።